አሮጌው ሸክላ ወይስ ዳግም እትሙ? የአራት የሮክ ባንዶች ሸክላዎች የድምፅ ንጽጽር

አንድ የሮክ አልበም፣ ሽፋኑም የዘፈኖቹም ቅደም ተከተል አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ሸክላ በ10 ዶላር፣ ሌላው በ30፣ ሦስተኛው በብዙ መቶ ዶላር ሲሸጥ ይታያል። የዋጋው ልዩነት ከፊሉ የድምፅ ጥራት ነው። ከፊሉ ግን የሰብሳቢዎች ፉክክር የወለደው ስለሆነ ለጆሮ የሚጨምረው ነገር የለም። እዚህ የምናነጻጽረው ገዢው ሁለቱን ለይቶ ገንዘቡን ለድምፁ ብቻ እንዲያወጣ ነው። የሸክላን ድምፅ የሚወስነው ማን፣ ከየትኛው ቴፕ፣ ለምን ዓይነት ማጫወቻ አስቦ እንደቆረጠው ነው። የታተመበት ዓመት፣ የሸክላው ክብደትና ሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልዩነቱ የሚጀምርበት ቦታ

ቀረጻው አልቆ ሚክስ ከተደረገ በኋላ በእጅ የሚቀረው ባለ ሁለት ትራክ ማስተር ቴፕ፣ ማለትም ሁሉም እትም የሚወጣበት ዋናው ቴፕ ነው። የቆረጣ ባለሙያው ቴፑን እያጫወተ፣ ላከር የተባለ ለስላሳ ቫርኒሽ በተቀባ የአሉሚኒየም ዲስክ ላይ በጋለ መቁረጫ ቦይ ይቀርጻል። ላከሩ በብር ከተለበጠ በኋላ በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይደራረብበታል። ከላዩ የሚላቀቀው የመጀመሪያ የብረት ቅጂ «አባት» ይባላል። ከአባት «እናት»፣ ከእናት ደግሞ ፕላስቲኩን የሚጫነው ማተሚያ ሳህን ይወጣል። አንድ ማተሚያ ሳህን ሺህ ገደማ ሸክላ ካተመ በኋላ መድከም ስለሚጀምር፣ ከአንድ ቆረጣ የወጡ ሁለት ሸክላዎች እንኳን ፍጹም አንድ አይደሉም። ትልቁ ልዩነት ግን የሚፈጠረው ቆረጣው ላይ ነው።

ቆራጩ የሚታገለው ከቦታ ጥበት ጋር ነው። ቤዝ በበዛ ቁጥር ቦዩ ይሰፋል፣ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥርም ወዲያና ወዲህ መወዛወዙ ይጨምራል። በደቂቃ 33⅓ ዙር በሚሽከረከር ሸክላ አንድ ጎን ከ20 ደቂቃ ብዙ ካለፈ፣ ወይ ድምፁ ይቀነሳል ወይ ቤዙ ይቆነጠራል። በዚያ ላይ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገዢው የነበረው ማጫወቻ በአብዛኛው ከባድ ክንድ ያለው ርካሽ ዕቃ ነበር። ቤዙ ከበረታ መርፌው ይዘላል፣ ሸክላው ለሱቅ ይመለሳል፣ ኩባንያው ይከስራል። በዚህ ፍርሃት የተነሳ የዚያ ዘመን ብዙ የሮክ እትሞች ሆን ተብሎ ለዝበው ተቆርጠዋል። «የመጀመሪያው እትም ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚለውን አምኖ መግዛት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት ቴፑ ነው። ዋናው ማስተር ቴፕ የሚቀመጠው አልበሙ በተሠራበት አገር ሲሆን ለሌሎች አገሮች የሚላከው ቅጂ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ሽሽታ ይጨምራል፣ የሲምባልን (የከበሮ ስብስቡን የብረት ሳህን) ጥራትና የቦታ ስሜትንም ትንሽ ይሸረሽራል። ስለዚህ እንደ መነሻ ሕግ የእንግሊዝ ባንድ ከሆነ የእንግሊዝን፣ የአሜሪካ ባንድ ከሆነ የአሜሪካን እትም መፈለግ ይሻላል። የጃፓን እትሞች በፕላስቲካቸው ጸጥታና በአያያዛቸው ንጽሕና የሚታወቁ ቢሆኑም፣ ብዙዎቹ ከቅጂ ቴፕ የተቆረጡ ናቸው፤ ቀጭኑ ድምፅ ላይ ሲያዘነብሉም ይሰማል። ይህ የመነሻ ሕግ የሚፈርስበት ዝነኛ አልበም አለ፤ እሱን እናስቀድም።

ሌድ ዜፕሊን 2

ባንዱ የእንግሊዝ ነው፣ አልበሙ ግን ሚክስ የተደረገው ኒው ዮርክ ውስጥ ከድምፅ ባለሙያው ኤዲ ክሬመር ጋር ነው። የተፈለገውም ቆረጣ የአሜሪካው ነው። በጥቅምት 1969 ሲወጣ ለአትላንቲክ ኩባንያ ላከሩን የቆረጠው ስተርሊንግ ሳውንድ በተባለው ቆረጣ ቤት ይሠራ የነበረው ወጣቱ ቦብ ሉድዊግ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቤዙንም ሳይቆነጥር ለቀቀው። ሉድዊግ ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ሸክላው በርካሽ ማጫወቻ ላይ ሲጫወት መርፌው ዘለለ። ኩባንያውም ቆረጣውን አስቁሞ ቤዙ በተቀነሰና በተጨመቀ ሌላ ቆረጣ ተካው።

የሉድዊግ ቆረጣ የሚታወቀው በመጨረሻው ዘፈንና በሌብሉ መካከል ባለው ባዶ ቀለበት ላይ በእጅ በተጫሩ ምልክቶች ነው። የሙሉ ስሙ የሮበርት ሉድዊግ መነሻ የሆኑት ሁለቱ የላቲን ፊደላት አር እና ኤል፣ ከእነሱም ጋር ስተርሊንግ ሳውንድን የሚያመለክቱ ሁለት ኤሶች ይገኛሉ። በሁለቱም ጎን መኖራቸውን አረጋግጡ። ብዙ ሻጮች አረንጓዴና ብርቱካናማ ሌብሉን፣ ኤስ ዲ 8236 የሚለውን ቁጥርና ሌብሉ ግርጌ ላይ ያለውን የ1841 ብሮድዌይ አድራሻ አሳይተው «የመጀመሪያ እትም ነው» ይላሉ። አድራሻው እውነት ቢሆንም በቂ አይደለም። ያ አድራሻ ያለባቸው ተተኪው ቆረጣ የገባባቸው ሸክላዎች ብዙ ናቸው፤ ፊደላቱ ከሌሉ ያን ዋጋ አትክፈሉ።

ድምፁ በእውነት ይለያል። ገና በመጀመሪያው ዘፈን ቤዝ ጊታሩና የከበሮ መቺው የቦንሃም የእግር ከበሮ ተለያይተው፣ እያንዳንዱ በየራሱ ክብደት ይመጣሉ። በተተኪው ቆረጣ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ጉርምርምታ ይሆናሉ፤ ጊታሩም ወደ ፊት ወጥቶ ይጮኻል። ችግሩ የሉድዊግ ቅጂዎች የዕድሜያቸውን ያህል መሥራታቸው ነው። ሮክ የሚወዱ ወጣቶች በከባድ ክንድ ደጋግመው ስላጫወቷቸው፣ ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ቦዩ ተበልቷል። ንጹሕ ቅጂ በብዙ መቶ ዶላር ይጠየቅበታል። በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ የሉድዊግ ቅጂ ሲንጫረር ከመስማት ንጹሕ ዳግም እትም መስማት ይሻላል፤ እዚህ ላይ አናመነታም።

አማራጮቹ ሁለት ናቸው። ክላሲክ ሪከርድስ ያወጣው የ200 ግራም እትም በበርኒ ግረንድማን ከአናሎግ ቴፕ የተቆረጠ ነው። ለሉድዊግ ጉልበት ባይደርስም ይቀርበዋል፣ የመሣሪያዎቹ ጥራት ግን ይበልጣል። አሁን ስለማይታተም ዋጋው ከብዷል፤ ከእነዚያ ከባድ ሸክላዎች አንዳንዶቹ ፕላስቲኩ ቦዩን ሙሉ በሙሉ ያልሞላባቸው በመሆናቸውም ከሻጩ ጋር የመመለስ ስምምነት ይኑራችሁ። ሁለተኛው በ2014 የወጣው ነው። የባንዱ ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ተቆጣጥሮት፣ ጆን ዴቪስ ማስተር አድርጎት (ድምፁን ለእትም አስተካክሎት)፣ ባለ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም ዝርዝሩ ከሲዲ ከሚበልጥ ዲጂታል ቅጂ ተቆርጧል። ጸጥ ያለ ነው፣ ሚዛኑ ጥሩ ነው፣ ቤዙም አልተቆነጠረም። የሚጎድለው ከበሮው ደረት ላይ የሚያሳርፈው ምት ነው። ከ30 ዶላር ባልራቀ ዋጋ ለሚገኝ አዲስ ሸክላ ይህ ተገቢ ልውውጥ ስለሆነ፣ ለአብዛኛው ገዢ የምንመክረው እሱን ነው። የ1970ዎቹ ተራ የአሜሪካ ቅጂ ግን በ2014ቱ ላይ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ለድምፅ ብላችሁ አትፈልጉት።

ፒንክ ፍሎይድ፣ ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን

እዚህ የመነሻው ሕግ ይሠራል። በ1973 የወጣው የእንግሊዙ የሃርቨስት እትም፣ ቁጥሩ ኤስ ኤች ቪ ኤል 804፣ በለንደኑ የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ሃሪ ሞስ የቆረጠው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ጥቁር ሌብል ላይ ውስጡ በሰማያዊ የተሞላ ሦስት ማዕዘን አላቸው። በኋለኞቹ ላይ የሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ ብቻ ይታያል። ባዶው ቀለበት ላይ ያለው የቆረጣ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ኤ 2 እና ቢ 2 ነው። ሁለት ፖስተሮችና ሁለት ተለጣፊ ሥዕሎችም አብረው ይመጣሉ።

ዋጋውን የሚሰቅሉት ሙሉው ሦስት ማዕዘንና ኤ 2 እና ቢ 2 የሚለው የቆረጣ ቁጥር ናቸው። ነገር ግን ቀጥለው በዚያው በአቢ ሮድ የተቆረጡት፣ ጠርዝ ብቻ ያላቸው የ1970ዎቹ የእንግሊዝ ቅጂዎች ድምፃቸው በጣም ይቀራረባል፤ ዋጋቸው ደግሞ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ለመስማት የሚገዛ ሰው ከዚህ አልበም ዋጋውን የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ከፖስተሮቹ አንዱ ስለጠፋ ብቻ የረከሰ ንጹሕ ሸክላ ካገኛችሁ አታሳልፉት።

በአሜሪካ ኤስ ኤም ኤ ኤስ 11163 በሚል ቁጥር የወጣው በየሱቁ ሞልቷል። ርካሽና የሚሰማ ነው፤ ከእንግሊዙ ጋር ጎን ለጎን ሲሰማ ግን መጋረጃ የተጋረደበት ይመስላል። በ1979 ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የዳግም እትም ኩባንያ ያወጣው፣ ስታን ሪከር በግማሽ ፍጥነት የቆረጠውና ጃፓን ውስጥ የታተመው እትም ደግሞ ፕላስቲኩ እጅግ ጸጥ ያለ ነው። ሆኖም ቤዙና ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ተደርገው መሀሉ ዝቅ ብሏል። በመጀመሪያ ያስደንቃል፣ ሙሉ አልበሙን ሲሰሙት ግን ዘፋኙ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ለተከፈለው ዋጋ አንመክረውም።

ከዳግም እትሞች መካከል የ2003ቱ የ30ኛ ዓመት እትም ይልቃል፤ ዳግ ሳክስና ኬቪን ግሬይ ከአናሎግ ቴፕ ቆርጠውታል። ቤዙ ጥልቅና የጠራ ነው፣ ጸጥታውም ከአሮጌው ይበልጣል። ይህ በዚህ አልበም ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ አልበሙ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በልብ ምት ስለሆነ፣ በደከመ ሸክላ ላይ ከልብ ምቱ ቀድሞ የሚሰማው ችርችርታው ነው። የ2016ቱን ጄምስ ገትሪ፣ ጆኤል ፕላንትና በርኒ ግረንድማን ሠርተውታል፤ እሱም በቀላሉ የሚገኝ ጥሩ ምርጫ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ 2003ቱን ለማግኘት እጥፍ መክፈል አያስፈልግም።

የምትገዙትን ቅጂ ለመፈተን የመጀመሪያውን ጎን መዝጊያ ዘፈን ተጠቀሙ። የዘፋኟ የክሌር ቶሪ ድምፅ ጣሪያ ሲነካ መርፌው ያለው ከሁሉም ጠባብ በሆነው የውስጥ ቦይ ላይ ነው። በ33⅓ ዙር ሸክላው ጠርዝ ላይ ቦዩ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ገደማ ሲያልፍ፣ መጨረሻው ላይ 21 ገደማ ብቻ ይሆናል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ይጠቀጠቃል ማለት ነው። ስለዚህ የቦይ መበላት መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚያ ነው። ድምፁ ያለ መሻከር ካለፈ ሸክላው ደህና ነው።

ቢትልስ፣ ስቴሪዮና ሞኖ

ይህ ንጽጽር አስተማሪ የሚሆነው አንድ ኩባንያ በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት ተቃራኒ መንገዶችን ስለተከተለ ነው። በ2012 የወጡት የስቴሪዮ (ድምፁ በግራና በቀኝ የተከፈለ) ሸክላዎች የተቆረጡት በ2009 ለሲዲ ከተዘጋጀው ባለ 24 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ዲጂታል ማስተር ነው። በ2014 የወጡት የሞኖ (ድምፁ በአንድ መስመር የሚመጣ) ሸክላዎች ግን ሾን ማጊና ስቲቭ በርኮዊትዝ ዲጂታል ሳያስገቡ ከአናሎግ ቴፖቹ በቀጥታ የቆረጧቸው ናቸው። የሞኖዎቹ ዘፋኝ ሥጋና ደም አለው፣ የጊታሩ ክር ሲነካ ጣቱ ይሰማል። የስቴሪዮዎቹ ንጹሕ ቢሆኑም ደረቅ ናቸው።

ምክንያቱ ዲጂታል መሆኑ ብቻ አይደለም። እስከ 1967 ድረስ ለባንዱ ዋናው ሥራ ሞኖው ነበር፤ ስቴሪዮው ጊዜ ሳይሰጠው፣ ድምፃውያኑ በአንድ በኩል መሣሪያዎቹ በሌላ በኩል ተደርገው ተሠራ። ስለዚህ እስከ 1967 ድረስ ያሉትን በሞኖ፣ የመጨረሻዎቹን አልበሞች ግን በስቴሪዮ ግዙ። የ2014ቱ ሞኖ ሸክላዎች ዋጋ እየናረ ስለሄደ፣ የ1960ዎቹን የእንግሊዝ ፓርሎፎን ሞኖ፣ ጥቁርና ቢጫ ሌብል ያለውን፣ በመካከለኛ ደረጃ መፈለግም ያዋጣል፤ በወፍራም ፕላስቲክ ላይ ስለታተሙ ጭረት ይችላሉ። በአሜሪካ ካፒቶል የወጡት የዚያ ዘመን ቅጂዎች ግን ብዙ ቦታ ማስተጋቢያ የተጨመረባቸው፣ አንዳንዴም ሞኖው በሰው ሠራሽ መንገድ ወደ ስቴሪዮ የተቀየረባቸው ናቸው። በልጅነታቸው የሰሟቸው ይወዷቸዋል፣ በድምፅ ጥራት ግን ከዚህ ውድድር ውጭ ናቸው።

ፍሊትውድ ማክ፣ ሩመርስ

በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ የ1977ቱ የዋርነር እትም፣ ቢ ኤስ ኬ 3010፣ በአሜሪካ በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ አለ። የቆራጩ የኬን ፔሪ ምልክት ኬ ፒ ባዶው ቀለበት ላይ ያለበትን ፈልጉ፤ ንጹሕ ከሆነ ከ20 እስከ 40 ዶላር ቢከፈልበት አያስቆጭም። የ2011ዱ ባለ ሁለት ሸክላ እትም ደግሞ በስቲቭ ሆፍማንና በኬቪን ግሬይ ለ45 ዙር የተቆረጠ ነው። 45 ዙር ሲሆን ቦዩ በ35 በመቶ ይፈጥናል፣ አንድ ጎን ላይ የሚያርፈውም አሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቆራጩ ቦታ አይቸግረውም። ሲምባሉ ይተነፍሳል፣ ድምፃውያኑም አንዱ ከሌላው ይለያሉ። በየአሥር ደቂቃው ተነስቶ መገልበጥ የማይሰለቸው ሰው ይህን ይግዛ። ሌላው በአሮጌው ይደሰታል።

ተለጣፊው የሚለውና የማይለው

«180 ግራም» የሚለው ስለ ፕላስቲኩ መጠን ብቻ ይናገራል። ከባድ ሸክላ በቀላሉ አይጣመምም፤ ቦዩ ግን ከ120 ግራሙ ጥልቅ አይደለም። «ሪማስተርድ» (ዳግም ማስተር የተደረገ) የሚለው ደግሞ ለሲዲ የተሠራውን ሊያመለክት ይችላል። የቆራጩ ስም ካልተጻፈ፣ የቴፑ ምንጭ ካልተገለጸ፣ ኩባንያውም የማይታወቅ ከሆነ፣ ሸክላው ከሲዲ እንደተቆረጠ ገምቱ። በተለይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ፣ ከ1963 በፊት የወጡ የሮክ ኤንድ ሮል አልበሞች ላይ ይህ የተለመደ ነው።

«ከኦሪጂናል ማስተር ቴፕ» የሚለውም ቢሆን በመሀል ዲጂታል እርከን የለም ማለት አይደለም። በሐምሌ 2022 ሞባይል ፊደሊቲ ለዓመታት ሲሸጣቸው በነበሩ ብዙ ሸክላዎች ላይ ዲ ኤስ ዲ የተባለ ዲጂታል ቅጂ ይጠቀም እንደነበር ታወቀ፤ ክስ ተመሥርቶበትም ጉዳዩ በገንዘብ ስምምነት ተቋጨ። ገዢዎቹ መቆጣታቸው ተገቢ ነበር፣ የተነገራቸው ሌላ ነበርና። ነገር ግን እነዚያን ሸክላዎች አናሎግ ብቻ የሚወዱ ሰዎች ሳይቀሩ ለዓመታት ሲያደንቋቸው መኖራቸው አንድ ነገር ያረጋግጣል። በጥንቃቄ የተሠራ ዲጂታል እርከን ድምፁን አይገድልም፤ ግዴለሽ ቆረጣ ግን ይገድለዋል።

ባዶውን ቀለበት ማንበብ

ሸክላውን ከአንድ አምፖል ሥር ይዛችሁ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አዘንብሉት። በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ሻጩን እንዲህ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። እምቢ ካለ ዋጋውን እንደ ተራ ቅጂ ቁጠሩት። የሌብሉን ፎቶ ብቻ የሚልክ ሻጭ ስለ ቆረጣው ምንም አልነገራችሁም።

ስተርሊንግ የሚለው ማኅተም የስተርሊንግ ሳውንድን፣ ቲ ኤም ኤል የዳግ ሳክስን ማስተሪንግ ላብ፣ ቢ ጂ የበርኒ ግረንድማንን ቆረጣ ያመለክታሉ። «ፖርኪ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ቆራጩ እንግሊዛዊው ጆርጅ ፔካም ነው፤ በድፍረት ስለሚቆርጥ ሸክላዎቹ ለሮክ ይስማማሉ። በክብ ውስጥ ያሉ ኤም እና አር የሎስ አንጀለሱን የሞናርክ ማተሚያ ቤት ያሳያሉ።

የፓርሎፎንና የሃርቨስት ባለቤት የነበረው የእንግሊዙ ኩባንያ የኢ ኤም አይ ሸክላዎች ከዚህም በላይ ይናገራሉ። የቆረጣ ቁጥሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ስትይዙት በግራ በኩል ያለው አሃዝ የእናት ቁጥር ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ፊደላት የማተሚያ ሳህኑን ተራ ይሰጣሉ፤ ጂ 1፣ አር 2፣ ኤ 3፣ ኤም 4፣ ኦ 5፣ ፒ 6፣ ኤች 7፣ ኤል 8፣ ቲ 9፣ ዲ 0 ነው። ስለዚህ አር እና ኦ ካያችሁ 25ኛው ሳህን ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ዋጋ ቢጨምርም፣ በአንደኛውና በ25ኛው ሳህን መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ሸክላው በንጽሕና ከመያዝ አለመያዙ ልዩነት ያንሳል። ለቆረጣው ቁጥር ክፈሉ፣ ለሳህኑ ተራ ግን አትክፈሉ።

ያገለገለ ሲገዛ፣ አዲስ ሲገዛ

ሻጮች የሸክላን ደረጃ ለመግለጽ በአብዛኛው የሚጠቀሙበት ጎልድማይን የተባለው የሰብሳቢዎች መጽሔት መለኪያ ነው። ኒር ሚንት እንደ አዲስ ማለት ነው። ቪጂ ፕላስ ቀላል ጭረት ያለበት ሲሆን ዋጋው የኒር ሚንት ግማሽ ገደማ ነው፤ ቪጂ ደግሞ ሩብ ገደማ። ለጆሮ የሚያዋጣው ቪጂ ፕላስ ነው፣ በተለይ ሻጩ አጫውቶ ደረጃ ከሰጠው። በዓይን ብቻ የተሰጠ ደረጃ የቦይ መበላትን አያሳይም፤ የሚያብረቀርቅ ሸክላ ተበልቶ፣ የደበዘዘው ደግሞ ደህና ሊሆን ይችላል።

ቆሻሻንና መበላትን ለዩ። ቆሻሻ ቦታውን እየቀያየረ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሲታጠብም ይጠፋል። መበላት ግን ድምፁ ከፍ ሲል ብቻ የሚመጣ፣ በዘፋኙ «ስ» ላይ የሚሻክር፣ በማንኛውም እጥበት የማይለቅ ነው። ለእጥበት 750 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 250 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮልና ጥቂት ጠብታ ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና በቂ ነው። በለስላሳ ብሩሽ የቦዩን አቅጣጫ ተከትላችሁ እጠቡ፣ ከዚያ በተጣራ ውኃ ብቻ አለቅልቁ፤ ሳሙናው ከቀረ መርፌው ላይ ይጋገራል። ሌብሉ እንዳይርስ ተጠንቀቁ። ይህን ውሕድ በ78 ዙር ጥንታዊ ሸክላዎች ላይ አትጠቀሙ፣ አልኮሉ ያሟሟቸዋል።

የሮሊንግ ስቶንስን የ1971 ስቲኪ ፊንገርስ ከእውነተኛ ዚፕ ጋር የምትገዙ ከሆነ ሁለተኛውን ጎን በጣት ዳስሱ። ሸክላዎቹ ሲደራረቡ ዚፑ የላይኛውን እየተጫነ ዘፈኑ ላይ ስርጉድ ያደርግ ነበር፤ ኋላ ላይ ዚፑን ወደ መሀል ከፍተው በመላክ ጉዳቱ ሌብሉ ላይ እንዲያርፍ አደረጉ።

አዲስ ዳግም እትምም የራሱ ጣጣ አለው። ፕላስቲኩ በቂ ሙቀት ወይም ጊዜ ሳያገኝ ሲታተም ቦዩን አይሞላም፤ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ በብርሃን ሲታይም ነጫጭ ስፌት መሳይ ነጠብጣብ አለው። ቀዳዳው ከመሀል ከሸሸ ደግሞ የፒያኖ ረጅም ድምፅ በየ1.8 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለቱም በእጥበት አይድኑም። ስለዚህ አዲስ ሸክላ በገዛችሁ ሳምንት፣ መመለስ በሚቻልበት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጎን ሙሉ በሙሉ ስሙ።

ልዩነቱን የሚያሰማ ማጫወቻ

ክብ ጫፍ ያለው ርካሽ መርፌ በሉድዊግ ቆረጣና በ2014ቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግማሹን ይውጠዋል። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95 ኢ ያለ ሞላላ ጫፍ ያለው፣ በ2 ግራም ጭነት የሚሠራ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ጥሩ መነሻ ነው። የዚሁ ካርትሪጅ መርፌ ብቻ ወጥቶ ማይክሮላይን በተባለ ይበልጥ ቀጭን ጫፍ ባለው መርፌ ሊተካ ይችላል፤ የውስጥ ቦዩን መሻከር በግልጽ ይቀንሳል። አምራቹ ለሞላላው 300፣ ለማይክሮላይኑ 1000 ሰዓት ዕድሜ ይሰጣል። የውዱን ሸክላ ቦይ ከሚበሉት አንዱ ዕድሜው ያለፈ መርፌ ስለሆነ ሰዓቱን መዝግቡ።

ከአሜሪካ የድሮ ማጫወቻ ወደ ኢትዮጵያ የምታመጡ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ቮልቱን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር የመብራቱን ድግግሞሽ አይለውጥም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራው በእኛ 50 ኸርዝ ላይ 33⅓ ሳይሆን 28 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ ዘፋኙ ሁሉ ጎርናና ይሆናል። የ50 ኸርዝ መዘውር መግጠም ወይም ፍጥነቱን በራሱ የሚቆጣጠር ማጫወቻ መምረጥ ያስፈልጋል።

ሁለት እትሞችን ስታወዳድሩ መጀመሪያ የድምፅ ከፍታቸውን እኩል አድርጉ። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይለዋል፣ የሉድዊጉ ቅጂ ደግሞ ከሌሎቹ ጎልቶ የተቆረጠ ነው። በስልክ የድምፅ መለኪያ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ለክታችሁ አስተካክሉና ያንኑ አንድ ደቂቃ ከሁለቱም ስሙ። በመጀመሪያ ቤዙን ከእግር ከበሮው መለየቱን፣ ቀጥሎ ሲምባሉን፣ መጨረሻ የጎኑን መዝጊያ ዘፈን ተከታተሉ።

በፖስታ ለሚመጣላችሁ፣ ሻጩ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ በውስጥ ወረቀቱ እንዳለ ከሽፋኑ ጀርባ አድርጎ እንዲልክ ጠይቁ፤ አለዚያ በመንገድ ላይ እየተንሸራተተ የሽፋኑን ጠርዝ ይቀድደዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ፣ ከሱቅ ስትወጡ ሸክላውን መኪና ውስጥ ትታችሁ ሌላ ጉዳይ አትግቡ። በበጋ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ፕላስቲኩን በጥቂት ጊዜ ያጣምመዋል፣ የተጣመመው ደግሞ በቤት ውስጥ ጭነት እምብዛም አይቃናም።